«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት ብሮውዘሩ ይታይ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በጎንደር ከተማ በኮምፒውተር ጥገና ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በከተማችን ኢንተርኔት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና አገልግሎት መስጫ ቢሮዎች ውስጥ በየዕለቱ የሚያጋጥም፣ ሰውን የሚያንገላታ፣ ነገር ግን መንስኤው በትክክል የማይነገርለት አንድ ችግር ነው። ድረ ገጹ አልከፈት ሲል፣ የተሞላው ቅጽ አልላክ ሲል፣ ወይም ገጹ በሥራ መካከል ቀጥ ብሎ ሲቀር ተገልጋዩ የሚሰማው መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ነው፤ አለዚያም «ኔትወርኩ ነው፣ ነገ ተመለስ» ይባላል። ኔትወርክ በእርግጥ ይጠፋል፣ መብራትም ይሄዳል፤ ይህን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ሆኖም በዚህ መልስ ከሚሸኙት ሰዎች መካከል ብዙዎቹን የመለሳቸው ኔትወርኩ ሳይሆን፣ እፊታቸው ባለው ኮምፒውተር ላይ ያለ ያረጀ ብሮውዘር (ድረ ገጽ የሚከፍት ፕሮግራም)፣ የተዛባ ቀን ወይም የተጨናነቀ ሜሞሪ እንደሆነ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ነገሩ የሚያሳስበኝ ኪሳራው በማሽኑ ባለቤት ላይ ሳይሆን በተገልጋዩ ላይ ስለሚወድቅ ነው። ጎንደር የነዋሪዎቿ ብቻ መገልገያ አይደለችም፤ ከደንቢያ፣ ከወገራ፣ ከጭልጋና ከደባርቅ የሚመጣው ሰው ፓስፖርት ለማመልከት፣ የንግድ ፈቃድ ለማደስ፣ የፈተና ውጤት ለማየት ወይም የዩኒቨርሲቲ ምደባውን ለማወቅ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ካሉት ኢንተርኔት ቤቶች በአንዱ ተራ ይጠብቃል። የመኪና ከፍሎ መጥቶ «ነገ ተመለስ» የተባለ ተማሪ ወይ አልጋ ይይዛል፣ ወይ ዘመድ ያስቸግራል፣ ወይም የምዝገባው ቀነ ገደብ እያለፈበት ወደ አገሩ ይመለሳል። «እማማ፣ ዛሬ ሲስተም የለም፤ ሌላ ቀን ይምጡ» ተብለው ሰነዳቸውን መልሰው በፌስታል ጠቅልለው የሚወጡ እናት ደግሞ ችግሩ ከወዴት እንደሆነ የሚጠይቁበት መንገድ የላቸውም፤ የተነገራቸውን አምነው ይሄዳሉ። ስለዚህ ያንን መልስ የሚሰጥ ሰው ከመመለሱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ወስዶ የማጣራት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ማጣራቱ የተለየ ሙያ አይጠይቅም። ያው ድረ ገጽ በዚያው ቤት ዋይፋይ ላይ ባለ ስልክ ይከፈት። ስልኩ ከከፈተው ኔትወርኩም አለ፣ ድረ ገጹም ይሠራል፤ ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ስልኩም እምቢ ካለ ሌላ ድረ ገጽ ይሞከር፤ ሌላው ሁሉ ተከፍቶ የሚፈለገው ብቻ ካልተከፈተ፣ ያን ጊዜ «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ እውነት ነው።

ከመንስኤዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው፣ በእኛ አገርም የተለየ መልክ ያለው የኮምፒውተሩ ቀን ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች ከብሮውዘር ጋር የሚገናኙት በተመሰጠረ መስመር ሲሆን፣ አንድ ድረ ገጽ ትክክለኛው እርሱ መሆኑን የሚያረጋግጠው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በተቆረጠለት ሰርተፊኬት ነው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የሚሰጥ ሰርተፊኬት ዕድሜው ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ታላላቆቹ የብሮውዘር አምራቾች ወስነው ነበር፤ በነጻ የሚሰጡትና በብዛት በሥራ ላይ ያሉት ደግሞ የ90 ቀን ብቻ ናቸው። ብሮውዘሩ እነዚህን ቀኖች የሚያመሳክረው ከራሱ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። ሰዓቱ ከተዛባ ሰርተፊኬቱ ጊዜው ያለፈበት ወይም ገና ያልጀመረ ሆኖ ይታየዋል፤ በዚህ ጊዜ ግንኙነቱ አስተማማኝ እንዳልሆነ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያወጣና አላስገባም ይላል።

ይህ መዛባት እኛ ዘንድ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ላይ የምትገኘው፣ ሲአር 2032 የምትባለው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስታልቅ ነው። ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ቀንና ሰዓቱን ይዛ የምትቆየው እርሷ ስለሆነች፣ ካለቀች በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል። ማታ ሲሠራ የነበረ ኮምፒውተር ጠዋት አንድም ድረ ገጽ አልከፍትም ሲል ባለቤቱ ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብሎ ይደመድማል፤ የሚያስፈልገው ግን ባትሪዋን መቀየር ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ኮምፒውተሩን ያስተካከለው ሰው ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶት ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ያን ቁጥር የሚያነበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ማሽኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ድረ ገጾቹ የሚያቀርቡት ሰርተፊኬት ሁሉ ለእርሱ ገና ወደፊት የሚጀምር ነውና አንዱንም አይቀበልም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካሌንደር የሚለውን የጻፈ ሰው አይወቀስም፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ቤት ወይም ቢሮ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ሊያውቀው ይገባል። ሰዓቱም ቢሆን ጠዋት ሦስት ሰዓት የሆነው ዘጠኝ ተብሎ መሞላት አለበት፤ በዊንዶውስ የሰዓት ቀጠና ዝርዝር ውስጥም «ናይሮቢ» የሚለው ይመረጣል፣ ኢትዮጵያ የምትገኘው በዚያው ቀጠና ነውና። ከሁሉ የሚሻለው ኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲወስድ ማዘዝ ነው።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝን ልናገር። ቀኑ በተዛባ ማሽን ላይ የሚሠሩ ሰዎች ያንን ማስጠንቀቂያ አልፎ መግባትን ይለምዱታል፤ አስተናጋጁ ራሱ «እዚህ ጋ ተጫነው፣ ያስገባሃል» ብሎ ያስተምራቸዋል። ማስጠንቀቂያው የተሠራው ሰውን ከሐሰተኛ ድረ ገጽ ለመጠበቅ ነው። በየቀኑ ያለ ምክንያት ሲወጣ ያየው ሰው፣ አንድ ቀን በምክንያት ሲወጣም አልፎት ይገባና የባንክ ሂሳቡን ወይም የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ለአጭበርባሪ ይሰጣል።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ብሮውዘሩ እርጅና ልመለስ። በከተማችን ለማንኛውም የኮምፒውተር ችግር በቅድሚያ የሚሰጠው መፍትሔ «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው፤ ይህም የነበረውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ፎርማት ማድረግ በቦታው አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ለሁሉም ነገር የመጀመሪያው እርምጃ መሆኑ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። የባለቤቱ ሰነድና ፎቶግራፍ ሳይቀመጥ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያም ከዓመታት በፊት በፍላሽ ከተቀመጠ ቅጂ ያው ዊንዶውስ 7 ወይም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዊንዶውስ 10 ይጫናል፤ አብሮትም በዚያው ፍላሽ ላይ የነበረው የድሮ ክሮም ይጫናል፤ በመጨረሻም «ፓኬጅ ይበላል» ተብሎ አፕዴቱ (ማሻሻያው) ሆን ተብሎ ይዘጋል። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ እትም የሚያወጡ ብሮውዘሮች ስለሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ከጥገና የሚመለሰው ከሄደበት ይልቅ አርጅቶ ነው። የዳታ ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜም በሞባይል ዳታ ብቻ የሚገናኙ ማሽኖች ማሻሻያ የሚያገኙበት መንገድ አልነበራቸውም። ግንኙነቱ ከተመለሰ በኋላ ግን ያመለጣቸውን ያላገኙት፣ የተዘጋውን አፕዴት የከፈተው ሰው ስላልነበረ ነው።

ያረጀ ብሮውዘር ለምን እንደማይሠራ በአጭሩ ላስረዳ። ድረ ገጾች የሚጻፉበት ቋንቋና የሚመሰጠሩበት ዘዴ ይለወጣል። ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 የሚባሉት የቀድሞ የምስጠራ ዘዴዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ተትተዋል፤ በርካታ ድረ ገጾችም እነርሱን ብቻ ከሚያውቅ ብሮውዘር ጋር አይነጋገሩም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ደግሞ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ይደገፉበት የነበረ አንድ ዋና ሰርተፊኬት ጊዜው አብቅቶ፣ ለዓመታት ያልታደሱ ማሽኖችና ስልኮች ደህና ድረ ገጾችን አናምንም ማለት ጀመሩ። አንዳንድ ቢሮዎች እስካሁን የሚጠቀሙበት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለው ብሮውዘር እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 ከአገልግሎት ወጥቷል። ለእርሱ ብቻ የተሠራ የውስጥ ፕሮግራም ያለው መሥሪያ ቤት፣ በማይክሮሶፍት ኤጅ ብሮውዘር ውስጥ ቢያንስ እስከ 2029 ድረስ እንደሚቆይ በተገለጸው የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ ያንን ፕሮግራም ብቻ ከፍቶ ሌላውን ሥራ ሁሉ በአዲስ ብሮውዘር ማከናወን ይችላል።

በጣም የከበደው የዊንዶውስ 7 ጉዳይ ነው፤ አሁንም በየኢንተርኔት ቤቱ ብዙ ነውና። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አቋርጧል። በዚህ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 የወጣው 109ኛው እትም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ልጫን ቢባል አይቀበልም። ደንበኛው «አፕዴት አድርግልኝ» ሲል ባለሙያው «አይሆንም» የሚለው ለዚህ ነው። ሆኖም ነገሩ በዚህ አያበቃም። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ያወጣው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው 115ኛው እትም በዊንዶውስ 7 ላይ ይሠራል፤ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኝበት ጊዜም ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሞለታል። ክሮም 109 ላይ እምቢ ያለ ቅጽ በዚህ ፋየርፎክስ ሲከፈት አይቻለሁ። ይህ ግን ጊዜያዊ መሸጋገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ማሽኑ ዊንዶውስ 10ን መሸከም ካልቻለ፣ ዊንዶውስን የሚተካው ሊኑክስ ሚንት 2 ጊጋባይት ራም (ሜሞሪ) ባለው ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ 4 ጊጋባይት ካለው ደግሞ ያለ ችግር ይሠራል፤ ዋጋ አይጠይቅም፣ ፋየርፎክሱም አብሮት ይመጣል። ለኢንተርኔት ቤትና ለትምህርት ቤት ሥራ ከበቂ በላይ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ይህን አማራጭ ከወዲሁ ማወቁ ለብዙዎቻችን ይጠቅማል።

ብሮውዘሩ አዲስ ሆኖም በሥራ መካከል ቀጥ ሊል ይችላል። የዛሬ ብሮውዘሮች የሚከፈተውን ታብ (እያንዳንዱን ገጽ) በአብዛኛው ለየብቻው ያስኬዱታል፤ ይህም አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዳይነካ የተደረገ ነው፤ ነገር ግን ራም ይፈጃል። ቪዲዮ፣ ቴሌግራም፣ ኢሜይልና የምዝገባ ቅጽ በአንድ ላይ ሲከፈቱ ራሙ ይሞላና ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ማዘዋወር ይጀምራል። ሃርድ ዲስክ ከራም እጅግ የዘገየ በመሆኑ ማሽኑ የደረቀ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እየሠራ ነው። በዚህ ሰዓት ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ነገሩን ያባብሰዋል፤ የተጫኑት ትእዛዞች ተጠራቅመው ገጹ ሲነቃ አንድ ላይ ይፈጸማሉና። በተለይ ክፍያ ላይ ሆኖ ገጹ ከቆመ፣ እንደገና ከመክፈል በፊት ከባንኩ ወይም ከቴሌብር የመጣ መልእክት መኖሩን በስልክ ማየት ያስፈልጋል።

ጥቂት ጠብቆ ካልተላቀቀ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ክሮም ውስጥ ደግሞ ሺፍትና ኢስኬፕ ብቻ ሲጫኑ የክሮም የራሱ ዝርዝር ይወጣና የትኛው ታብ ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ ያሳያል፤ ያንን አንድ ታብ ብቻ መዝጋት ሌላውን ሥራ ያተርፋል። በስህተት የተዘጋ ታብ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ ይመለሳል፤ የተሞላው ቅጽ ግን አብሮ ላይመለስ ስለሚችል ረጅም ጽሑፍ በሌላ ቦታ ጽፎ መገልበጥ ይመረጣል። የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጭኖ በኃይል ማጥፋት የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት፤ በሥራ ላይ ያለ ፋይል ይበላሻልና። በኢንተርኔት ቤቶቻችን ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ኢንተርኔት ቤት ላይ ኮምፒውተር ቀጥ ሲል ተገልጋዩ ተስፋ ቆርጦ ይነሣል፣ ወይም ወደ ሌላ ማሽን ይዛወራል። ኢሜይሉ ወይም የማመልከቻ ገጹ ግን እንደተከፈተ ነበር። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ብሮውዘሩ የነበሩትን ገጾች ልመልስ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው እሺ ካለ የማያውቀው ሰው ኢሜይል፣ የመታወቂያ ቁጥርና የፓስፖርት ማመልከቻ ፊቱ ይከፈታል። ስለዚህ በጋራ ኮምፒውተር ላይ በስውር መስኮት (የታየውን ገጽ ታሪክ በማያስቀምጠው፣ ኢንኮግኒቶ በሚባለው) መሥራት ይገባል፤ ብሮውዘሩ ቢወድቅ ስውር መስኮት ተመልሶ አይከፈትም። አስተናጋጆችም ቀጥ ያለን ማሽን ካስነሡ በኋላ የቀደመውን ሰው ገጾች ሳይመልሱ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት ተጭነው የቀረውን መረጃ አጥፍተው ለሚቀጥለው ሰው ሊሰጡ ይገባል። ይህን ከእያንዳንዱ ተገልጋይ መጠበቅ አይቻልም፤ ገንዘብ የሚቀበለው ቤት ነው ኃላፊነቱን መውሰድ ያለበት።

ወጪን በተመለከተ፣ አሥር ኮምፒውተር ያለው ቤት አሥር ጊዜ ማውረድ አይጠበቅበትም። የክሮምም የፋየርፎክስም ሙሉ መጫኛ አንድ ጊዜ ከአምራቹ የራሱ ድረ ገጽ ከወረደ በኋላ በፍላሽ ወደ ሁሉም ማሽን ይጫናል። ከአምራቹ ድረ ገጽ የምለው አስቤበት ነው፤ በቴሌግራም ቻናል የሚዞሩና «ሙሉ ክሮም» የሚል ስም ያላቸው ፋይሎች ብዙ ጊዜ የማስታወቂያ ፕሮግራምና ቫይረስ አዝለው ይመጣሉ። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ይህን ሥራ ለፈተና ቀን ማቆየት የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፤ ዓመቱን ሙሉ ያጠና ተማሪ ቀኑ በተዛባ ወይም ብሮውዘሩ ባረጀ ኮምፒውተር ፊት እንዳይቀመጥ የእያንዳንዱ ማሽን ቀን፣ ብሮውዘርና ራም ከሳምንታት በፊት መታየት አለበት።

በመጨረሻ የሕዝብ አገልግሎት ድረ ገጾችን ለሚሠሩ ባለሙያዎች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ብሮውዘሩ ያረጀበት ተገልጋይ ሲመጣ ገጹ ባዶ ሆኖ ከሚቀር ወይም ማለቂያ የሌለው ምልክት ከሚያዞር፣ የሚያስፈልገው የብሮውዘር እትም የትኛው እንደሆነ በአማርኛ ይንገረው። ቅጹ በየክፍሉ እየተቀመጠ ይሂድ፤ ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ቢቆም ሰውየው ከመጀመሪያው እንዳይጀምር። ገጹ በስልክም ተከፍቶ የሚሞላ ይሁን፤ ከወረዳ የሚመጣው ወጣት በኪሱ የያዘው ስልክ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ቤቱ ካለው ኮምፒውተር የተሻለ አዲስ ብሮውዘር አለው። መሥሪያ ቤቶቹም የምዝገባ ማስታወቂያ ሲያወጡ ከሚያስፈልጉት ሰነዶች ዝርዝር ጋር ድረ ገጹ የሚሠራባቸውን ብሮውዘሮች አብረው ይጻፉ፤ ያን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው «ሲስተም የለም» ሲባል ማሽኑ የትኛው እትም እንዳለው መጠየቅ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ጎንደር